ማህፀኔንም የመውለድ ተስፋዬንም ላተረፉልኝ ሲስተር

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የሚሠሩ ሲስተርን በአደባባይ ለማመስገንና እህቶቼም ወደ እሳቸው እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ።

ወደ ጤና ጣቢያው የሄድኩት ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ አስቤ በክንዴ የተቀበረውን ኢምፕላኖን የተባለ የወሊድ መከላከያ ለማስወጣት ነበር። ሲስተር ዕድሜዬ ከ30 ማለፉን ካርዴ ላይ አይተው የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጌ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ምንም ሕመም እንደሌለኝ ስነግራቸው፣ ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመም ሳይኖር እንደሆነ፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በሽታው ከገፋ በኋላ እንደሚመጣ በእርጋታ አስረዱኝ። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው፤ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፈሳሽ በጥጥ የማህፀን በር ላይ ይቀባል፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ የተለወጠ ሕዋስ ካለ ቦታው ይነጣል። የእኔም ነጣ።

ድንጋጤዬን አይተው ባለቤቴን ከውጭ አስጠሩልኝና ለሁለታችን አንድ ላይ አስረዱን። የበሽታው ዋና መነሻ ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ ያገኘዋል፣ ሰውነትም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ሳይጠፋ ለዓመታት ሲቆይ ግን ሕዋሱን ይለውጣል፤ ኤችአይቪ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ በልጅነት መዳርና ብዙ ጊዜ መውለድ አደጋውን ይጨምራሉ። ቫይረሱ ምልክት ሳይሰጥ ስለሚቆይ መገኘቱ የማንንም ታማኝነት ማጉደል እንደማያሳይም ነገሩን። ይህችን አንዲት ማብራሪያ የተነፈጉ ስንት ትዳሮች እንደታመሱ ሳስብ ያመኛል።

ነጩ ምልክት ወደ ማህፀን በር ውስጠኛ ክፍል ስለገባ በዚያው በጤና ጣቢያው በሙቀት ማከም አልተቻለም፤ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልኝ። በመካከሉ ሌላ ቦታ ያማከርኩት ባለሙያ የናሙና ውጤት እንኳ ሳይታይ ማህፀኔ ቢወጣ እንደሚሻል ነግሮኝ ስለነበር፣ በሪፈር ወረቀቱ ግርጌ ሲስተር በእጃቸው ጽፈው ያሰመሩበት ዓረፍተ ነገር ለእኔ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ «ታካሚዋ ገና መውለድ ትፈልጋለች» ይል ነበር።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወረቀቱን አንብበው ውይይታችንን የጀመሩት ከዚያው ነው። ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ገና ካንሰር ያልሆነ የሕዋስ ለውጥ ከሆነ፣ በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን የሽቦ ቀለበት የተለወጠውን ክፍል ብቻ ቆርጦ የሚያወጣው ሊፕ የተባለው ሕክምና ማህፀኑን እንደማይነካ፣ ካንሰር ሆኖ እንኳ ገና በጅምሩ ከተደረሰበትና ከ2 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ለአንዳንድ ሴቶች የማህፀን በሩን ብቻ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ገለጹልኝ። የጨረር ሕክምና ግን የእንቁላል ማምረቻዎችን ሥራ ሊያቆምና ማህፀኑንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ የመውለድ ጥያቄ መነሳት ያለበት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ነው። እኔ ሊፕ ተደረገልኝ፤ ውጤቱ ቅድመ ካንሰር፣ የተቆረጠው ጠርዝም የተለወጠ ሕዋስ የሌለበት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሊፕ ያለ ጊዜ የመውለድን ዕድል በመጠኑ ስለሚጨምር ለክትትል ሐኪሜ ከመጀመሪያው ቀን እንድናገር ያሳሰቡኝ ሲስተር ናቸው፤ የእህቴ ልጅም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረውን የኤችፒቪ ክትባት መከተቧን ሳይጠይቁ አላለፉም።

ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ፣ ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብላችሁ ተመርመሩ፤ ቀጠሮውን ከወር አበባችሁ ቀናት ውጭ አድርጉት። የጤና ጣቢያውን ስም ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።