ማኪያቶ የለንም፦ ለአንዲት የሐዋሳ ልጅ ምስጋና

ሰላም ለሐዋሳ ነጋዴዎች፣ ሰላም ለሁላችሁም።

መጻፍ ሥራዬ አይደለም። እኔ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ አሽጌ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሱቄ ፒያሳ ነው፤ ከገብርኤል ብዙም አይርቅም፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ዛሬ የምጽፈው የአንዲት ልጅ ውለታ ከብዶኝ ነው። ሱቄን ጉግል ካርታ ላይ በወጉ አስገብታ፣ ሁሉንም ነገር በእጄ አስረክባኝ ሄዳለች። ስሟን አልጽፍም። "እትዬ፣ ስሜን እንዳይጽፉት፤ ስልኬ ያብዳል" ብላኛለች።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእሷ አይደለም።

ካቻምና አንድ ሰው ሱቅ ለሱቅ እየዞረ "ድርጅታችሁን ኦንላይን ላስገባላችሁ" ይል ነበር። ላፕቶፕ ይዟል፣ አነጋገሩም ደርበብ ያለ ነው። ብሩን በቅድሚያ ተቀበለኝ። ሱቁን በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደምከፍት ጠየቀኝ፣ ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ እውነትም የሱቄ ስም ጉግል ላይ ወጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለልጆቼ አሳየሁ፣ ለጎረቤት አሳየሁ።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ባልና ሚስት ይመስሉኛል። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። ገቡና ጆንያው አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። "ሁለት ማኪያቶ" አለ ሰውየው። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ስልኩን ሲያሳየኝ ለካ ሱቄ የተመዘገበው "ካፌ" ተብሎ ኖሯል። ምን አደርጋለሁ? ጀበና ጥጄ በነጻ አንድ አንድ ስኒ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ማኪያቶ ፈላጊው በዛ። አንዱማ ኬክ ጠይቆኛል። እንኳንም "ቡና ቤት" ብሎ አላስገባው፤ ቢራ አምጪ እባል ነበር።

ይሄ እንኳን ቀላሉ ነው። ከባዱን ያወቅሁት ልጅቷ የመጣች ዕለት ነው።

የመጣችው ለእናቷ ግማሽ ኪሎ ልትገዛ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እኔ ቡናውን ስመዝን እሷ ስልኳን ትነካካለች። "እትዬ፣ ካርታው ላይ ዝግ ነው ይላል እኮ" አለችኝ። "ምኑ?" "ሱቅዎ።" በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መፍጫው ይጮኻል፣ ስልኩ ግን ዝግ ነሽ ይለኛል።

ጉዱ ወዲህ ነው። ያ ሰውዬ ስንት ሰዓት ትከፍቻለሽ ሲለኝ "ከ2 እስከ 2" ብዬው ነበር። ይሄ እኛ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ ሕጻንም ያውቃል፤ ጠዋት 2 ከፍቼ ማታ 2 እዘጋለሁ። እሱ ቁጥሩን እንዳለ ጻፈው። ጉግል ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። በእሱ አቆጣጠር ሱቄ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ይዘጋል። ሌሊት 8 ሰዓት ቡና የሚገዛኝ ጅብ ነው እንዴ?

እስቲ አስቡት። ወደ ሐዋሳ ለሽርሽር የሚመጣ ሰው ጠዋት አሞራ ገደል ይወርዳል፣ አሳውን ይበላል፣ ሐይቁን ያያል፣ ታቦር የሚወጣም አለ። ለዘመድ የሲዳማ ቡና ልያዝ የሚለው ከምሳ በኋላ፣ መኪና ሊያስነሳ ሲል ነው። እኔ ልክ በዚያ ሰዓት ዝግ ነኝ። ስንቱ ስልኩን አይቶ ጥሎኝ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

"ታዲያ አስተካክይልኛ!" አልኳት። ልጅቷን የወደድኳት እዚህ ላይ ነው። ስለ ክፍያ ከማውራቷ በፊት "እትዬ፣ ጉግል ለምዝገባው አንድም ብር አይጠይቅም" አለችኝ። "ከጉግል ነው የምደውለው፣ ለምዝገባ ብር ላኩ የሚል ካለ አይመኑት። እኔ የምጠይቀው የጉልበቴን ነው፤ እሱንም ሥራው ሲያልቅ።" ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ካቻምና የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

ሰዓቱን ብቻ ቀይሮ መገላገል ግን አልተቻለም። ጉግል ላይ ያለው የሱቄ ገጽ የተከፈተው በሰውየው ኢሜይል ነው። የሱቁ ባለቤት እኔ፣ ቁልፉ እሱ ኪስ። ስልኩን ብንደውል ብንደውል አይሠራም። እሷ አልደነገጠችም። መጀመሪያ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም ኢሜይል አስከፈተችኝ። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ፊቷን ዞር አደረገች። ቀጥሎ በዚያው ኢሜይል የባለቤትነት ጥያቄ ላክን። ገጹን የያዘው ሰው እንዲመልስ 3 ቀን ይሰጠዋል። ዝም ካለ፣ ጠያቂው ሱቁ የራሱ መሆኑን አሳይቶ ሊረከብ የሚችልበት መንገድ አለ። ሰውየው ዝም አለ። እሱማ ዝም ማለት ያውቅበታል።

የእኔነቴ ማሳያ ቪዲዮ ነበር። ቀድሞ የተቀረጸ አይሆንም፤ እዚያው በስልክ፣ ሳይቆራረጥ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ መቅረጽ ነው። ሱቁ የት እንዳለ፣ ሥራው በእርግጥ እንደሚሠራ፣ የምትቀርጸዋም ሴት የቤቱ ሰው መሆኗ መታየት አለበት። የሰው ፊት መታየት እንደሌለበት ብትነግረኝም እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ነበር የጠበቅሁት።

የመጀመሪያው ውድቅ ተደረገ። እሷ እንደገመተችው ጥፋቱ የታፔላዬ ነው። ፀሐይ ጨርሶታል፤ ከስሜ በቅጡ የሚነበቡት ሁለት ፊደላት ናቸው። ዓመት ሙሉ ነገ አስቀባዋለሁ ስል የነበረውን ታፔላ ጉግል አስቀባኝ። ለሁለተኛው ከመንገዱ ጥግ ጀመርን። ጎረቤት ሱቆች ታዩ፣ አዲሱ ታፔላ ታየ፣ በሩን በራሴ ቁልፍ ከፈትሁ፣ መቁያው፣ መፍጫው፣ ግድግዳ ላይ ያለው ንግድ ፈቃድ። ስንልከው መብራት ሄደ፣ ኔትወርኩም አብሮ ተንቀራፈፈ፤ እንደምንም አለፈ። መልሱ እስከ 5 የሥራ ቀን ሊቆይ ይችላል ብላኝ ነበር። የእኔ በ3ኛው ቀን መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቶሎ ቶሎ ሄደ። "ካፌ" የሚለው ወጥቶ ቡና የሚቆላና የሚሸጥ ተባልሁ። ካርታው ላይ ሱቄን የሚያሳየው ነጥብ ከአንድ መንገድ ማዶ ነበር፤ ወደ በሬ መለሰችው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለማይገኝለት ሰፈራችን ደግሞ ፕላስ ኮድ የሚባል ነገር አሳየችኝ። ጥቂት ፊደልና ቁጥር ነው፤ 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ የምትሆን ቦታን ለይቶ ያሳያል። አሁን "ገብርኤልን አልፈሽ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ፣ ቢጫውን አጥር ስታዪ" ማለት ቀርቷል። ኮዷን እልካለሁ፣ ባጃጁ በሬ ላይ ያቆማል።

አንድ ነገር ላይ ተጣልተናል። እኔ ከስሙ ቀጥሎ "በሐዋሳ አንደኛ የሲዳማ ቡና" ተብሎ ይጻፍልኝ አልኩ። እምቢ አለች። ስሙ ታፔላው ላይ ያለው ብቻ ነው፣ ሌላ ቃል ከተጨመረበት ገጹ ሊታገድ ይችላል አለች። "ሌሎቹስ ጽፈው የለም ወይ?" ብላት "ይታገዱ!" አለችኝ። የቡናውን ነገር ዝቅ ብሎ መግለጫው ላይ አስገባችልኝ፤ እሱ እስከ 750 ፊደል ይይዛል። "አንደኛ" የሚለውን ግን እዚያም አልጻፈችውም።

"ታዲያ ሰው ቡና ብሎ ሲፈልግ እኔ ከላይ እንድመጣ ምን ላድርግ?" አልኳት። ጉግል ሦስት ነገር ያያል አለች። የምትሸጪው ሰውየው ከፈለገው ጋር ይገጥማል ወይ? ሰውየው ካለበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል? ሱቁስ ምን ያህል ይታወቃል፣ ሰው ምን ይለዋል? ርቀቱን መቀየር አይቻልም። የቀሩት ሁለቱ ግን በእጄ ናቸው። ካፌ ተብዬ በነበረ ጊዜ መጀመሪያውኑ አልገጠምኩም ማለት ነው።

ሰው ምን ይለዋል ለሚለው፣ ጓደኞችሽን ሰብስቢና አምስት አምስት ኮከብ ያስቀምጡልኝ አልኳት። አሁንም እምቢ። ቅናሽ ሰጥቶ አስተያየት ማስጻፍም ክልክል ነው አለች። በስልክ ካሜራ ሲያዩት አስተያየት መጻፊያውን የሚከፍተውን ኪውአር ኮድ አትማ ሚዛኑ አጠገብ ለጠፈችልኝ፤ የወደደ ይጻፍ፣ ያልወደደም ይጻፍ። አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቡናው ጥሩ ነው፣ ሴትየዋ ግን ስታወራ የምትቆጣ ትመስላለች።" ሦስት ኮከብ። ደሜ ፈላ። የቁጣ መልስ ጽፌ ልልከው ስል ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። "እትዬ፣ ይሄን መልስ የሚያነበው እሱ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሊመጣ ያሰበ ሰው ሁሉ ያየዋል።" በመጨረሻ የጻፍነው፦ "መፍጫው ስለሚጮህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ ይቅርታ፣ ሲመለሱ ቡና እጋብዛለሁ።" እውነትም መፍጫው ነው።

በዓሉንም አስተምራኛለች። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ በእነዚያ ቀናት አምሽቼ ነው የምዘጋው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ደግሞ ቀኑ ሽማግሌዎቹ ከዋክብትን አይተው ካልተናገሩ አይታወቅም። ጉግል ይህን ከየት ያውቃል? ስለዚህ ለበዓል ቀን የተለየ ሰዓት እንዴት እንደሚገባ በገዛ እጄ አስሞከረችኝ፤ ሦስት ጊዜ ተሳስቼ በአራተኛው ገባኝ።

ምን ተቀየረ ለምትሉ፣ ለሰፈሬ ሰው ምንም። እሱ ያውቀኛል፣ ካርታ አያስፈልገውም። የተቀየረው የእንግዳው ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ስልክ ይጮኻል። ባለፈው ሰሞን ከወንዶ ገነት መልስ ያሉ ሰዎች "እስከ ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ?" ብለው ደውለው ደረሱ፤ ሦስት ኪሎ ወሰዱ። ለዚህ ነው ጉሊት ላላችሁ፣ ደንበኛችሁ ሁሉ የቀበሌ ሰው ለሆነ፣ ገንዘባችሁን አታውጡ የምለው። ጎሚስታ፣ ፔንሲዮን፣ ቬሎ አከራይ፣ የባህል ልብስ ሻጭ ከሆናችሁ ግን ዛሬውኑ። ጎረቤቴ ጎሚስታው አሠርቷል፤ ማታ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው።

እኔን 1,500 ብር አስከፍላኛለች። በቴሌብር የላክሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ስትሠራ ገጹ ውስጥ ማኔጀር ብላ ራሷን አስገብታ ነበር፤ ስትጨርስ እዚያው ፊቴ ራሷን አወጣች። እንከን የላትም አልልም። ጠዋት እመጣለሁ ካለች ከምሳ በኋላ ጠብቋት። ስታስረዳም ትፈጥናለች፤ "ቀስ በይ ልጄ" እያላችሁ ነው።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት ንግድ ፈቃዳችሁን ከመሳቢያ አውጡ፣ ታፔላችሁን አስቀቡ። ሰዓታችሁን ስትጠይቃችሁ "ከ2 እስከ 2" ብትሏትም ይገባታል።