የላም ማቀዝቀዣ ብለው የሸጡልኝ ዕቃ፦ ቬንትሌተሩ ይግባ፣ ጉሙ ይቅር

ላሞቼ አምስት ናቸው፤ አዳማ፣ ቦኩ ሸነን፣ ከቤቴ ጓሮ። አራቱ ይታለባሉ፣ ዳለቻ ነጥፋ መውለጃዋን ትጠብቃለች። ሁሉም የሆልስታይን ዲቃላ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በሂሳብ ሥራ ስለቆየሁ ጡረታ ወጥቼም መዝገብ መያዝ አልለቀቀኝም፤ ጠዋትና ማታ የታለበውን በሊትር እጽፋለሁ። እዚህ የማወራው ከዚያ ደብተር ነው።

የካቲት አጋማሽ ላይ አራቱ በቀን 58 ሊትር ይሰጡኝ ነበር። መጋቢት ሲያልቅ 46 ገባ። መኖው ያው ነው፦ ገለባ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ። ከቀትር በኋላ ግን ግርግሙን ትተው ይቆማሉ፤ አንገታቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ፣ ለሃጫቸው ይዝረከረካል። የሻሼን ጎን እያየሁ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 84። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ለሚማረው የወንድሜ ልጅ ደወልኩ። «አክስቴ፣ ከ60 ካለፈ ሙቀት ይዟታል ማለት ነው» አለኝ።

እንዲህ ነው ነገሩ፦ የበላችው መኖ ጨጓራዋ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ያወጣል። ብዙ የምትታለብ ብዙ ትበላለች፣ ስለዚህ ምድጃዋም ትልቅ ነው። የአገር ላም ምንም ሳይመስላት የምትውልበት ቀን ለዲቃላዋ መከራ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲሞቃት መብላት ትቀንሳለች፣ ወተቱም ይወርዳል። የሚገርመው ግን መኖ መቀነሷ የሚያስረዳው ከጎደለው ወተት ግማሽ ያህሉን ብቻ መሆኑ ነው፤ ቀሪው ሰውነቷ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ሲል የሚወስደው ነው። ይህን ስሰማ ፉርሽካ በመጨመር ላስተካክለው ያሰብኩትን ተውኩ።

እናም አንድ የእርሻ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ የዋስትና ጉዳያችን ገና አላለቀም። በ41,000 ብር የሸጡልኝ አንድ ትልቅ የግድግዳ ቬንትሌተር፣ 12 ጉም መርጫ ኖዝል ከነቱቦው፣ ትንሽ ዲናሞ፣ ታይመር፣ እንዲሁም ሙቀትና እርጥበት የምታሳይ የእጅ መዳፍ የምታክል መለኪያ ነው። ሻጩ ልጅ ጨዋ ነበር። «እናቴ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይቁሙ» ብሎ ጉሙን ፊቴ ላይ ለቀቀው። እውነትም ደስ ይላል። እኔ ግን ጸጉራም ቆዳ የለበስኩ ስድስት መቶ ኪሎ እንስሳ አይደለሁም፤ ይህ ትዝ ያለኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

በረቴ በሦስት በኩል ብሎኬት ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ። ዕቃው በተተከለ ማግስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይበራ መለኪያዋ 33 ዲግሪና 28 በመቶ እርጥበት አሳየች። ጉሙ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ሙቀቱ ወደ 30 ወረደ። ጉተማ (ከብቶቹን የሚጠብቅልኝ ልጅ) አጨበጨበ። እርጥበቱ ግን 62 ደርሶ ነበር። የወንድሜ ልጅ ሁለቱን ቁጥሮች የሚያጣምረውን ስሌት ልኮልኝ ስለነበር ደብተሬ ላይ አሰላሁት። ሳይበራ 78 የነበረው ከበራ በኋላ 80 ሆነ። ዲግሪው ወርዶ ለላሟ የባሰ ሆነ! ሙቀትና እርጥበትን የሚያጣምረው ይህ የስሌት ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ላሟን ይከብዳታል፤ ለወተት ላም ድሮ 72 ላይ ነበር አስጊ የሚባለው፤ በአሪዞና የተሠራ ጥናት በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ወደ 68 አወረደው፣ የዛሬ ላሞች ብዙ ስለሚታለቡ። እኔ ያለሁት ከሁለቱም በላይ ነው።

ጥፋቱ የጉሙ ብቻ አይደለም፣ የበረቴም ነው። ደረቅ አየር ባለበትና ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ጉም ይሠራል፤ በተዘጋ በረት ውስጥ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ደቃቁ ጠብታ ደግሞ ጸጉሯ ጫፍ ላይ እንደ ጤዛ ይቀመጣል እንጂ ቆዳዋ ድረስ አይገባም። ላሟን ይበልጥ የሚያቀዘቅዛት ቆዳዋ ላይ ያለው ውሃ በነፋስ ሲተን ነው፤ የቤቱ አየር መቀዝቀዝ ብቻ አይበቃትም። ሻጩ የሸጠልኝ የሰው ቤት ማቀዝቀዣ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ከ12ቱ ኖዝል 5ቱ በውሃው ኖራ ተደፈኑ። ከስብስቡ ጋር ማጣሪያ አልነበረም።

ታይመሩስ? ትንሹ እርምጃው 15 ደቂቃ ነው። ላም ግን አንድ ደቂቃ ያህል ረጥባ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነፋስ አግኝታ፣ እንደገና መርጠብ ነው ያለባት። 15 ደቂቃ ሙሉ ውሃ ከለቀቃችሁባት ውሃው በሆዷ ወርዶ ጡቷ ላይ ይንጠባጠባል፣ መኝታዋ ይጨቀያል፣ የጡት በሽታ መጥራት ነው። ታይመሩን ነቅዬ ሳሎን አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ ላይ እንዲህ አደረግሁ። ጉም መርጫዎቹን አውርጄ ወፍራም ጠብታ የሚጥሉ አራት የአትክልት መርጫዎች ገዛሁ። ከሮቶው በራሱ ግፊት ይሠራሉ፣ ዲናሞ አያስፈልጋቸውም። ጉተማ ቧንቧውን አንድ ደቂቃ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ቬንትሌተሩ ይነፍሳል። ከጎን ያለውን ብሎኬትም ከወገብ በላይ አስፈረስኩት። አዳማ ጉብታ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ያሏት ከተማ ናት፤ እኔ ግን ነፋሱን በብሎኬት ዘግቼ ነፋስ በ41,000 ብር ገዛሁ። ባለቤቴ ይህን በየቡናው ያነሳዋል። ቆርቆሮው ሥር ደግሞ ሰንበሌጥ አስጠለልኩ፤ ከጣሪያው ይወርድ የነበረው ግለት ሲቀንስ ከሥሩ ቆሜ ራሴ አውቄዋለሁ።

የሻሼ ትንፋሽ በሁለተኛው ቀን 58 ሆነ። ወተቱ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ደብተሬን ወደኋላ ሳገላብጥ የታዘብኩት፣ በጣም ከሞቀ ቀን የሚመጣው ቅናሽ በዚያው ቀን ሳይሆን ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚታየው፤ የወንድሜ ልጅም ጥናቱ ይህንኑ ይላል አለኝ። ስለዚህ ዕቃ ገዝታችሁ በማግስቱ ወተት እየለካችሁ ሻጩን አትመርቁ፣ አትርገሙም። በሦስተኛው ሳምንት 53 ሊትር ደረስኩ። ሳልደብቅ፦ በመካከሉ ሁለት ቀን ዝናብ ዘንቧል፣ የተወሰነው የሱ ነው።

ቬንትሌተሩን ግን ሳልሰስት አመሰግነዋለሁ። ጠንካራ ነው፣ ድምፁ አያስበረግግም፣ ላሞቹ ጀርባ ላይ ነፋሱ በደንብ ይደርሳል። አሁን እስከ ምሽት አራት ሰዓት አበራዋለሁ፤ መጀመሪያ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር የማጠፋው፣ ስህተት ነበር። ላሟ ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት የምታወጣው ሌሊት ነው። መብራት በሄደ ቀን ግን የተረፈን ባልዲ ብቻ ነው። አንድ ወር ከአሥር ቀን ሲሠራ ሞተሩ አንድ ጊዜ ግሎ ቆመ፤ ዋስትናው «የስድስት ወር» ተብሎ ቢጻፍም መደብሩ እስካሁን «ባለሙያው ይመጣል» እያለ ነው። በራሴ ገንዘብ አሠራሁት፣ 1,800 ብር። መለኪያዋ ከስብስቡ ሁሉ ርካሿ ትመስለኛለች፤ ያለሷ ግን ጉሙ እንደጎዳኝ ሳላውቅ እቀር ነበር። ለብቻዋ ብትሸጥ ሁለት እገዛ ነበር።

ዳለቻን ረስቻት ነበር። አትታለብም ብዬ ቬንትሌተሩ የማይደርስበት ጥግ አስሬያት ከርሜያለሁ። የወንድሜ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ አይቶ ተቆጣ፤ በፍሎሪዳ የተሠሩ ጥናቶች በነጠፈችበት ጊዜ የሞቃት ላም ከወለደች በኋላም ወተቷ እንደሚያንስ፣ የምትወልዳት ጥጃም አድጋ ስትታለብ ያነሰ እንደምትሰጥ አሳይተዋል አለኝ። በዚያው ቀን ከሻሼ ጎን ወሰድኳት። ሐምሌ ላይ ትወልዳለች።

12ቱን ጉም መርጫ የሚፈልግ ካለ አሉ። ሰባቱ ይሠራሉ። የጁስ ቤት በረንዳ ላላችሁ ጥሩ ነው፤ ላም ላለው ግን አልሸጥም።