ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ከልጆች ጋር፦ የ11 ወር ትዝብት

ለልጆቹ ነው የገዛሁት ብዬ ነው የማወራው፤ እውነቱ ግን ግማሹ ለራሴ ነበር። በልጅነቴ የተመኘሁትን በልጆቼ ጣት ልነካው ብዬ። ይኸው 11 ወር ሆነው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ታናሽየው አራት ሞልቶታል። ዕቃው ብዙ ሰው ኦርጋን የሚለው ተራ የጀማሪ ኪቦርድ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ በዚህ ደረጃ ያሉት ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ስለሚመስሉ የምለው ለሌሎቹም ይሠራል።

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ ስላለው 61 ያንሳል የሚሉ አሉ። 61 ቁልፍ ግን አምስት ኦክታቭ ነው (ኦክታቭ ማለት ዜማው ዞሮ ወደ ተነሳበት ድምፅ እስኪመለስ ያለው አንድ ዙር ቁልፎች ነው)፤ ይህም ለትንንሽ እጆች ሰፊ ሜዳ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ እንኳ በቂ ነው፤ በክርን የሚጓሸሙት ቦታ ጠቧቸው አይደለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ቤታችን የገበያ ቀን መሰለ። የዴሞውን በተን ሲጫኑት ኪቦርዱ ራሱ ይጫወታል፣ ልጆቹም እጃቸውን በአየር ላይ እያንቀሳቀሱ የተጫወቱ ይመስላሉ። አጃቢው ደግሞ አለ፦ ልጄ በግራ እጇ አንዲት ጣት ስታሳርፍ ማሽኑ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ጊታሩን ያግተለትለዋል። አጨበጨብን፣ ቪዲዮ ቀረጽን። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኪቦርዱ የሚሄድ ሰው ጠፋ። ማሽኑ ሁሉንም ጨርሶት ለልጅ የሚቀር ሥራ አልነበረማ። አንድ ማታ ሁለቱንም በተኖች በፕላስተር ሸፈንኳቸው። ታናሽየው «ታመመ እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እስካሁን አልዳነም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ (1895–1982) ባስጀመረው የልጆች ሙዚቃ ትምህርት ውስጥ ዛይሎፎን የሚባለው በዱላ የሚመታ መሣሪያ እንጨቶቹ ተነቃይ ናቸው፤ የሚጋጩት ድምፆች ይነሱና ልጁ የቀሩትን እንዳሻው ይመታል። ከኪቦርድ ላይ ቁልፍ አይነቀልም፤ ጥቁሮቹ ቁልፎች ግን ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ አምስት ናቸው፣ በመካከላቸውም የግማሽ ድምፅ ርቀት፣ ማለትም ተጠጋግተው የሚጋጩ የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት የለም። ስለዚህ የቱንም ከየትኛው ጋር ቢነካኩ ጆሮ የሚቧጥጥ ነገር አይወጣም። እኔ ከታች ኤፍ ሻርፕና ሲ ሻርፕ የሚባሉትን ሁለት ጥቁር ቁልፎች እያፈራረቅሁ ቀስ ብዬ እይዛለሁ፣ ከላይ ጥቁር በጥቁር የፈለጉትን ይጫወታሉ። ሙዚቃ ለማወቅ አልጠበቅሁም፤ እኔም አላውቅምና።

ከዚሁ ቅብብሎሽ ወጣ። አጭር ዜማ ጀምሬ ሳልጨርሰው አቆማለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ። ትልቋ የእኔን ዜማ ገልብጣ ወይም ጅራት ቀጥላ ትመልሳለች። ታናሽየው አንዲት ቁልፍ ሰባት ጊዜ ይመታና «ይሄ ነው መልሱ» ይላል። መጀመሪያ ላረመው ዳዳኝ። ሰንብቼ ሳዳምጠው ግን የሚመታት ቁልፍ በየቀኑ ትለያያለች፣ ምቱም እኔ የጀመርኩትን ምት ተከትሎ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ለካ እየሰማኝ ነበር።

አሁን ወደ ንክኪው ልምጣ፤ ለሚገዛ ሰው ከምንም በላይ የምለው እዚህ ላይ ነው። የኛ ኪቦርድ ጠንከር ሲሉት የሚጮህ፣ ለስለስ ሲሉት የሚያንሾካሽክ ቁልፍ አለው፤ ግን ይህ ንክኪ የሚባለው ባሕርይው ከካርቶኑ ሲወጣ ተዘግቶ ነው የመጣው። ሁለት ወር ሙሉ አላወቅንም። አንድ ቀን ትልቋ ተናዳ በጡጫ ደቁሳው ሲያበቃ «ለምንድነው ብቆጣውም የማይቆጣው?» አለችኝ። መመሪያውን ያኔ ነው የከፈትኩት። ፒያኖም እኮ የተፈለሰፈው ለዚህ ነበር፦ ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ በ1700 አካባቢ የሠራው መሣሪያ ስሙን ያገኘው «ፒያኖ ኤ ፎርቴ»፣ ማለትም ለስላሳና ኃይለኛ ከሚለው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሀርፕሲኮርድ ቁልፉን ቢደቁሱትም ቢዳስሱትም ድምፁ ያው ነው። ሳናውቀው ሁለት ወር ሀርፕሲኮርድ ስንጫወት ከርመናል። ንክኪው በበራ ማግሥት ልጄ የተኛ ሰው እንዳይነቃ በእግር ጣት የሚሄድ ሌባ ሠራች፤ ከዚያ ሌባው ድስት ይጥላል። ድስቱ ሁለቱም ክንዶቿ በአንድ ጊዜ ነበሩ።

ስለ ድምፆቹ ብዛት የነበረኝን ሐሳብ ቀይሬያለሁ። ካርቶኑ ላይ 400 ድምፅ የሚል አለ፤ ሻጭ የሚያወራው እሱን ነው፣ አብዛኛውም አይነካም። ነገር ግን በብዙ ኪቦርዶች ውስጥ ያለው፣ በ1991 የወጣው ጄነራል ሚዲ የሚባለው የ128 ድምፅ ዝርዝር ሲያልቅ የባሕር ዳርቻ፣ የወፍ ጫጫታ፣ የስልክ ጥሪ፣ ሄሊኮፕተር፣ ጭብጨባና የተኩስ ድምፅ ያስቀምጣል። ይህን ማን ይጠቀምበታል ብዬ ስቄ ነበር። ልጆቹ ከፒያኖው ድምፅ ቀጥሎ የሚወዱት እሱን ሆነ። የትልቋ ረጅሙ ድርሰት ወፎች ሲንጫጩ ይጀምራል፣ ስልክ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም፣ ባሕሩ ይመጣል፣ ከዚያ በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ቀስ ያለ ዜማ ይከተላል። ሄሊኮፕተሩ የታናሽየው ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

ቅሬታዬ መቅረጫው ላይ ነው። አምስት ቦታ አለው፤ የተያዘ ቦታ ላይ ሪከርድ ሲጫኑ ግን «ይጥፋ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ በላዩ ላይ ይቀርጻል። በስድስተኛው ወር ታናሽየው በተኗን ጫናትና የእህቱ «የዝናብ ዘፈን» በአራት ሰከንድ ዝምታ ተተካ። የዚያን ቀን ለቅሶ አልረሳውም። እንደገና ልትሠራው ብትሞክር የመጀመሪያው አልመጣላትም፣ ሌላ ዝናብ ነው የመጣው። ለልጆች ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ እንዲህ መሆኑ ያናድደኛል። ከዚያ ወዲህ የወደዱትን ሁሉ ወዲያው በስልክ እቀርጻለሁ።

ሌላውን ባጭሩ። ቁልፎቹን በመብራት እያሳየ የሚያስተምረው ክፍል ለኛ አልሆነም፤ ልጅ መብራቱን ያሳድዳል እንጂ አይሰማም። ስፒከሩ ድምፁ ከግማሽ ካለፈ ወፍራሞቹ ላይ ይንቀጠቀጣል። መሀል ላይ ያለች አንዲት ነጭ ቁልፍ ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ የማን ተወዳጅ እንደነበረች መናገር አያስፈልግም። የአዳፕተሩ መሰኪያ ላልቷል። ኤክስ ቅርጽ ያለውን ማቆሚያ የአራት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት አታቁሙት፤ እኛ ኪቦርዱን ሳሎን ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አጋድመነዋል። መኝታ ቤት ሳለ «ልክፈትልህ?» ማለት ነበረብን፤ አሁን በማለፍ ላይ እያሉ ሁለት ደቂቃ ነካክተው ይሄዳሉ፣ ደግሞም ይመለሳሉ።

ጆሮ ማዳመጫ አንድ መሰኪያ ብቻ ስላለው አብረው ሲጫወቱ አይጠቅምም። ትልቋ ብቻዋን ስትሆን ታደርገዋለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት በደገፈው መመዘኛ ለልጆች የሚመከረው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከ75 ዴሲቤል ያልበለጠ ነው፤ ኪቦርዱ ግን ገደብ የማስቀመጫ መንገድ የለውም። ማዞሪያው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ።

ድጋሚ ብገዛ? ይህንኑ ደረጃ እገዛለሁ፤ ግን 400 ድምፁን ትቼ ንክኪው ሲነካ ደህና የሆነውን፣ ከተቻለ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለውን እመርጣለሁ። ልጁ ኖታ አንብቦ ፈተና እንዲያልፍ የሚፈልግ ሰው ክብደት ያላቸው ቁልፎች ያሉት ዲጂታል ፒያኖ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የዝናቡ ዘፈን ከጠፋባት በኋላ ትልቋ ድርሰቶቿን በወረቀት ላይ መያዝ ጀምራለች። ኖታ አላስተማርኳትም። ትልልቅ ክብ ለኃይለኛ ድምፅ፣ ትንንሽ ነጥብ ለለስላሳ፣ ማዕበል መሳይ መስመር ለባሕር። ሄሊኮፕተሩ የሚገባበት ቦታ በቀይ ተሰምሯል፤ ባለቤቱ ግን ቀዩን ሳይጠብቅ ይገባል።