ተራው 22 ወይስ ማግነም? በሰላ ድንጋይ ደጋ ላይ ለወራት የተፈተኑ ሁለት ጠመንጃዎች

ለዒላማ ልምምድም ሆነ ሰብል ለሚያጠፋ አውሬ አንድ ትንሽ ጠመንጃ ብቻ መምረጥ ያለበት ሰው ቢጠይቀኝ፣ ሳላመነታ 22 ሎንግ ራይፍል፣ ማለትም ተራውን 22 እለዋለሁ (22 የጥይቱ ውፍረት በኢንች መቶኛ ነው)። ማግነሙን፣ ማለትም በዚያው ውፍረት ባሩድ የሚበዛበትንና የሚፈጥነውን 22 ማግነም፣ ንቄው አይደለም። ሁለቱም ከገብስ አጨዳ ጀምሮ ክረምት እስኪገባ ድረስ ከእጃችን አልጠፉም። ተራው 22 የእኔ ነው፤ ማግነሙ የአጎቴ ነው፤ በየስማችን ፈቃድ የወጣባቸው፣ ሲዜድ 452 የሚባሉ የቼክ ሥሪት ጠመንጃዎች ናቸው። በእጅ ይቀባበላሉ፣ ካዝናቸው አምስት ጥይት ይይዛል፣ ሰደፋቸው እንጨት ነው። አካላቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ በዒላማው ላይ ያየነው ልዩነት ሁሉ የጥይቱ ነው ማለት ይቻላል።

የሁለቱ ጥይት ዘር አንድ ነው። የምንሽር ወይም የክላሽ ጥይት መቀጣጠያ በቀለሁ መሐል ለብቻው ይሰካል፤ የእነዚህ ግን በቀለሁ ግርጌ ባለው ከንፈር ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቶ ነው የሚገኘው። መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይቀጣጠላል። ለዚህም ሲባል ቀለሁ ስስ ነው፤ ተመልሶ አይሞላም፤ አልፎ አልፎም ይከሽፋል። ከከሸፈባችሁ አፈሙዙን ወደ አፈር እንዳዞራችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ያጋጥማልና።

በዒላማ ላይ ተራው 22 ወደር የለውም። ከ1887 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሚሠራ ጥይት ነው፤ የኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድርም እስከ ዛሬ የሚካሄደው በዚሁ ነው። የውድድሩ የዐሥር ነጥብ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ያወቀ ሰው ይህን ጥይት የልጅ መጫወቻ አይለውም። ትከሻ አይመታም፤ ጀማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ የመሳብ ልማድ አያወጣበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥይቱ ፍጥነት ላይ ነው። ተራው 22 ራሱ ሁለት ዓይነት አለው፤ ፈጣኑ በሴኮንድ 380 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ዝግ ያለው 325 ገደማ። ገዢው ፈጣኑን ያነሣል፤ እኔ ግን ዝግ ያለውን እመርጣለሁ። የታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ማለዳ፣ አየሩ 5 ዲግሪ ሲሆን፣ ድምፅ በሴኮንድ 334 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፈጣኑ ጥይት ከድምፅ ቀድሞ ይወጣና 100 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይወርዳል። አየር ጥይትን አብዝቶ የሚጎትተው ልክ በዚያ ፍጥነት ግድም ነው፤ ጥይቱ ይናወጣል፣ የጎን ነፋስም ዝግ ካለው ይበልጥ ይገፋዋል። ዝግ ያለው ከመነሻው ከድምፅ በታች ስለሆነ ይህ መሰናክል የለበትም። ከሰዓት በኋላ ከገደሉ ጫፍ የሚነሣውን ነፋስ የሚያውቅ የአገሬ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ከፍታችንም የራሱ ሥራ አለው። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ ማለትም በ2,800 ሜትር ግድም፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሩቅ ስንተኩስ ጥይቱ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ከፍ ብሎ ያርፋል። በ50 ሜትር ያስተካከልኩት 22 በ100 ሜትር ሁለት ጋት ያህል ይወርዳል፤ ማግነሙ ግን ከአንድ ጋት አያልፍም። የኋላው ተንሸራታች ማነጣጠሪያ እስከ 200 ሜትር ቁጥር ቢኖረውም፣ በሕይወት ባለ ነገር ላይ በተራው 22 ከ60 ሜትር በላይ አልተኩስም።

የማግነሙ ጥይት የመጣው በአውሮፓውያን 1959 ነው። የእርሳሱ ክብደት ከተራው 22 ጋር እኩል፣ 2.6 ግራም ሲሆን፣ ፍጥነቱ ግን በሴኮንድ 570 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ጉልበቱ ዝግ ካለው ተራ 22 ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ጉልበት ዋጋ የሚኖረው በጃርት ላይ ነው። ጃርት በአንድ ሌሊት ከአንድ መደብ በላይ ድንች ገልብጦ የሚያድር፣ ሰውነቱ የደነደነ አውሬ ነው፤ በተራው 22 ቆስሎ ጉድጓዱ ሊገባ ይችላል። የአጎቴ ማግነም በ40 ሜትር ባለበት ያስቀረዋል። በሃይማኖታችን ጃርትም ሽኮኮም ጥንቸልም አይበሉም፤ የምንገድለው ለሰብላችን ስንል ብቻ ነውና፣ ቆስሎ የሚሠቃይ እንስሳ ማየት ያመኛል። የማግነም ችግሩ ድምፁ ነው። በሌሊት አንድ ጊዜ ሲተኮስ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል፣ ሰው ይደነግጣል። አጎቴ አስቀድሞ ለጎረቤት ሳይናገር አይወጣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተራውን 22 በማግነም ጠመንጃ ፈጽሞ አታጉርሱ። የማግነሙ ቀለህ ሰፊ ስለሆነ ቀጭኑ ቀለህ ውስጡ ይሰነጠቅና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ የሚሞቀው ቋጥኝ ላይ ነው፤ ከበስተጀርባው ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች የቆላ መንደር አለ። የ22 እርሳስ ድንጋይ ሲመታ ተፈናጥሮ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ከፍ ብሎ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። አፉ የተቦረቦረ ጥይትም ቢሆን በተራው 22 ፍጥነት ሁልጊዜ አይሰባበርም። ስለዚህ ሽኮኮን በቋጥኝ ላይ አንተኩስበትም። ባቄላው ውስጥ እስኪገባ፣ ከኋላው የታረሰ አፈር እስኪሆን ድረስ እንጠብቃለን። ካሊበር (የጥይት ዓይነት) ስንመርጥም አስቀድሜ የምጠይቀው ጥይቱ እንስሳውን ቢስት የት እንደሚያርፍ ነው። ይህን ከጠየቅሁ ወዲህ የማግነሙ ተጨማሪ ርቀት አያጓጓኝም፤ በእኛ መሬት ላይ ከኋላው አፈር ያለው ረጅም ተኩስ ጥቂት ነው።

በአውሮፓውያን 2002 የወጣው 17 ኤች ኤም አር የሚባለው ቀጭን ጥይት በዚህ በኩል ይሻላል፤ 1.1 ግራም የምትመዝነው ጥይቱ በሴኮንድ 775 ሜትር ገደማ ስለምትበር ስትመታ ትሰባበራለች። ቢሆንም ለጃርት ቀላል ናት፤ ጥይቷንም በአካባቢያችን አላየሁም። ጥይት የማይገኝለት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የጠመንጃው አንድ ነገር ነው፣ የአደኑ ሌላ። ጠመንጃው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የዱር እንስሳው በዱር እንስሳት አዋጅ ይገዛል። የጥፋቱን መጠን ለወረዳ አመልክተን ከተፈቀደልን በኋላ ነው የተኮስነው። ጭላዳ ገብስ ቢያጠፋም በጩኸትና በወንጭፍ ይባረራል እንጂ አይተኮስበትም። ቀይ ቀበሮን የሚነካ ሰው ደግሞ ራሱን ይጎዳል፤ በመንዝ ጓሳ ያሉት ቀበሮዎች ዋና ምግባቸው አይጥ ነው፣ ለገበሬው ያለ ደመወዝ ይሠራሉ።

ከጠመንጃው ያልወደድኩት ቃታው ነው፤ ከባድና ሻካራ ሆኖ መጣ፣ ብዙ ከተተኮሰበት በኋላ ለስልሷል። የጣርማበር ጭጋግ እኛ ዘንድ ሲደርስም ብረቱ በአንድ ሌሊት ይዝጋል፤ ስለዚህ ማታ ማታ በዘይት ጨርቅ እጠርገዋለሁ። የተራው 22 እርሳስ ሰም የተቀባ በመሆኑ አቧራ ይይዛል፤ ጥይቱን በኪስ ሳይሆን በሳጥኑ ያዙት። ከመግዛታችሁ በፊትም ከሁለት ሦስት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ወስዳችሁ በ50 ሜትር ሞክሩ፤ የእኔ ጠመንጃ ዒላማው ላይ አንድ ቦታ የሚሰበስበውን ጥይት የጎረቤቴ ጠመንጃ ይበትነዋል።