የበዓል በግ፦ ራሳችሁ ታርዳላችሁ፣ አራጅ ትጠራላችሁ ወይስ በኪሎ ትገዛላችሁ?

በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ቤት የማይቀር ክርክር አለ። ባለቤቴ "በኪሎ ገዝተን እንገላገል" ትላለች። እናቴ ደግሞ በግ ያልጮኸበት ቤት በዓል የገባ አይመስላትም። እኔ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ፤ ራሴ አርጃለሁ፣ አራጅ ጠርቻለሁ፣ ሥጋ ቤት ተሰልፌ ገዝቻለሁ። ዘንድሮ ገና ያልወሰናችሁ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። በግ ስትገዙ ለቆዳውም፣ ለቀንዱም፣ ለፈርሱም እየከፈላችሁ ነው። ከነነፍሱ 30 ኪሎ የሚመዝን በግ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ የሚቀረው 13 ኪሎ ቢሆን ነው፤ በደፈናው ከ40 እስከ 45 በመቶ በሉት። አጥንቱ ሲነሳለት ደግሞ ቀይ ሥጋው 9 ወይም 10 ኪሎ ገደማ ይመጣል። እንግዲህ በጉን ለምሳሌ 13,000 ብር ገዛችሁት እንበል፤ ከነአጥንቱ ኪሎው 1,000 ብር ወደቀባችሁ ማለት ነው። የራሳችሁን በግ ዋጋ በዚህ መንገድ አካፍሉና ሥጋ ቤት ከሚጠሩላችሁ ጋር አስተያዩት። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ጭንቅላቱና እግሩ ሒሳቡ ውስጥ አልገቡም፤ እነሱ ምርቃት ናቸው። ዱለት ለሚወድ ቤት ምርቃቱ ቀላል አይደለም። ቆዳውን ግን እርሱት። ድሮ "ቆዳ ያለው!" እያለ የሚዞረው ሰው የሚሰጠን ብር የአራጁን ሒሳብ ይደጉም ነበር፣ አሁን በነጻም የሚወስደው ጠፍቶ በየአጥሩ ሥር ተጥሎ ነው የምናየው።

በኪሎ መግዛት ቀላሉ ነው፤ ብዙ የሚባልለትም የለም። ትሄዳላችሁ፣ ትሰለፋላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ምርመራው ነው፤ በቄራ ያለፈ ሥጋ ባለሙያ አይቶት፣ ማኅተም ተመቶበት ነው የሚመጣው። ችግሩ፣ አብዛኛው ሥጋ ቤት የሚሰቅለው የበሬ ነው፤ የበግ ከፈለጋችሁ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት፣ በበዓል ዋዜማ ደግሞ የተረፈውን ነው የሚሰጧችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ፍሪጃችሁም ትንሽ ከሆነ፣ ብዙ አታስቡ፤ ይህንኑ አድርጉ።

ራስ ማረድ ሌላ ዓለም ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ቢላው ከፍቅር በቀር ምንም የማይቆርጥ ነበር። ሐሞቱን ሳወጣ በጫፉ ነካሁትና ጉበቱ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን የበላነውን ዱለት እናቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። አይከብድም የሚላችሁን አትስሙ። ግን የሚለመድ ነገር ነው፣ ጥቂት ነገር ካወቃችሁ ደግሞ ግማሹ መንገድ አለቀ።

በጉን ከማረዳችሁ በፊት ግማሽ ቀን ያህል መኖ ከልክሉት፣ ውኃ ግን ይጠጣ። ሆዱ ሲጎድል አንጀቱን ሳይቀዱ ማውጣት ይቀላል። ቆዳውን በቢላ ሳይሆን በቡጢ እየገፋችሁ ነው የምትለዩት፤ ቢላ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ስንጥቅና እግሩ አካባቢ ብቻ ነው። ፀጉሩን የነካ እጅ ሥጋውን አይንካ። ብዙ ሰው "የበግ ሥጋ ይሸተኛል" የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል፣ ከገፈፈው ሰው እጅ የመጣ ሽታ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ የጋራ መገልገያ ቤቱን፣ ኮሚዩናሉን፣ ቀድማችሁ ያዙ፣ ፈርሱንም ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ አትድፉ፤ በማግስቱ ጠቅላላው ብሎክ ስማችሁን ይዞ ነው የሚውለው።

አንድ ሐቅ ልጨምር። ወንዶች "እኔ ነኝ ያረድኩት" ብለን እጃችንን ታጥበን ሶፋ ላይ ስንቀመጥ፣ ጨጓራና አንጀት የሚያጥቡት እናቶቻችንና ሚስቶቻችን ናቸው፣ ሁለት ሰዓት ጎንበስ ብለው። ራስ ማረድ ነጻ ነው የሚባለው ይህን ሥራ ማንም ስለማይቆጥረው ነው።

አሁን አራጁ። የበዓል ጠዋት ቢላውን ይዞ በየበሩ የሚዞረውን ሰው ታውቁታላችሁ። ማረድና መግፈፍ ላይ እኔ ከእሱ ጋር አልወዳደርም። እኔን አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀኝን እሱ ሻይ ሳይበርድ ይጨርሰዋል። ብትቀጥሩት አትጸጸቱም። ብቻ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ ዋጋውን በጉ ቆሞ ሳለ ጨርሱ፤ ከታረደ በኋላ የሚጀመር ድርድር ለእናንተ አይሆንም። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ አራጅ እግሩ ጋ ቀዳዳ ከፍቶ ቆዳው እንዲላቀቅለት በአፉ ይነፋዋል። ትንፋሹ የሚገባው እናንተ የምትበሉት ሥጋ ላይ ነው። "አትንፋ፣ በእጅህ ግፈፍ" በሉት፤ ቅር አይበላችሁ። ባራኪው የራሳችሁ እምነት ሰው መሆኑን ማረጋገጥማ መቼም አይረሳችሁም፤ በተለይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ሰፈር።

እኔ ከአራጅ ጋር የምጣላው መጨረሻው ላይ ነው። ሌላ አምስት ቤት እየጠበቀው ስለሆነ ሥጋውን በየብልቱ መለየት፣ መበለቱ፣ ላይ ሲደርስ ይቸኩላል። መጥረቢያ ይጠይቃል፣ ግንድ ላይ ያጋድመዋል፣ ከዚያ ጠሽ ጠሽ ነው። የወርቹ ከጎድኑ፣ የአንገቱ ከታፋው ተቀላቅሎ አንድ ሳፋ ይሞላል። ወጡ ውስጥ የአጥንት ስብርባሪ ድድ ይወጋል፣ ጥብስ የሚሆነው ቅቅል ውስጥ ይገባል፣ የሚቀቀለው ደግሞ ምጣድ ላይ ጎማ ይሆናል። አንድ ዓመት ኩላሊቶቹም የት እንደገቡ ሳናውቅ ቀርተናል፤ ማንንም አልጠረጠርኩም፣ ድመቷን ብዬ አልፌዋለሁ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ መሐሉ ነው፦ ማረዱንና መግፈፉን ከፍላችሁ አሠሩ፣ መበለቱን ለራሳችሁ አስቀሩ። የበግ ብልት ለማውጣት መጥረቢያ አያስፈልግም። ከፊት እግር ጀምሩ፤ ወርቹ ከጎድኑ ጋር በአጥንት አልተያያዘም፣ በሥጋ ብቻ ነው የተጣበቀው፣ ስታነሱት ቢላው ራሱ መንገዱን ያገኛል። የኋላ እግሩን ወደ ውጪ ገፋ አድርጉና መገጣጠሚያውን ፈልጋችሁ ቁረጡ። ታፋው ውስጥ ስብ መሐል ግራጫ ዕጢ ታገኛላችሁ፤ አውጥታችሁ ጣሉት፣ ጣዕም ያበላሻል። ታፋው ለጥብስ፣ ወርቹ ለወጥ፣ አንገቱና ፍሪምባው ለቅቅል፣ ጎድኑ እንደ ፍላጎታችሁ። ሞረድና ስል የሆነች አጭር ቢላ ካላችሁ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የሚተርፈውን ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱት። ትኩስ ሥጋ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ጠንካራ ይሆናል፤ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ተሰቅሎ ይረፍ፣ ከዚያ ፍሪጅ ገብቶ ይደር፣ በማግስቱ ከፋፍላችሁ አስገቡት።

ቤት ስታርዱ የቄራው ሐኪም እናንተ ናችሁ። ጉበትና ሳንባውን ገልብጣችሁ እዩ። ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካለበት ወይም ጉበቱን ስትቆርጡ ቅጠል የሚመስል ጠፍጣፋ ትል ከወጣ፣ ያን ክፍል አትብሉት። ለውሻም አትስጡ! ውኃ የቋጠረውን ውሻ ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ የሚጫወተው የእናንተው ልጅ ጋ ይደርሳል። አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ጥሬ ዱለት የምትወዱ ወገኖች፣ ጉበቱን ሳታዩ ሚጥሚጣ አታዘጋጁ።

ለዘንድሮው ከጎረቤት ጋር ሆነን አንድ አራጅ ለሦስት በግ ተስማምተናል። እንደ ልማዱ "መጥረቢያ አምጡ" ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን ከአሁኑ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ።