በቦርድ ለተሰናበታችሁ፦ ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ስላለው የመስማት ምርመራ ክሊኒክ

በመድፈኛነት 14 ዓመት አገልግዬ በሕክምና ቦርድ ከተሰናበትኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ወረቀቴ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ነው፦ «በመስማት ጉድለት ምክንያት ለውጊያ ግዳጅ ብቁ አይደለም»። ይህን መስመር የሚያብራራልኝ ሰው ያገኘሁት ገና ባለፈው ወር ነው፤ ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ክሊኒክ።

ባለቤቴ ደውላ ቀጠሮ ስትይዝ፣ ከምርመራው በፊት 16 ሰዓት ያህል ከወፍጮ ቤት፣ ከግንባታ ቦታና ከሙዚቃ እንድርቅ ነገሯት። በድምፅ የደከመ ጆሮ ካረፈ ጆሮ ያነሰ ይሰማልና ውጤቱን ያዛባል። ያን ስሰማ የድሮው ምርመራዬ ትዝ አለኝ። የተኩስ ልምምድ በተደረገ ማግስት፣ ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ነበር የተመረመርኩት።

እዚህ ግን ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ በሩ እንደ ካዝና በር የወፈረ ክፍል አለ። በሩ ሲዘጋ የቀረልኝ ሌት ተቀን የሚጮኸው የገዛ ጆሮዬ ብቻ ነበር። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እጫናለሁ፤ ከወፍራሙ 250 ኸርዝ እስከ ቀጭኑ 8000 ድረስ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። አስቀድማ ወረቀቴን አንብባ ስለነበር «ሃምሳ አለቃ» ብላ ጠራችኝ። ኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የመስማት ውጤቴ በመስመር የተሳለበትን ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፦ 4000 ላይ እንደ ገደል ይወርድና 8000 ላይ መልሶ ቀና ይላል። የዕድሜ ቢሆን ኖሮ ወደ መጨረሻው እየወረደ ይሄድ ነበር አለችኝ፤ እንዲህ ወርዶ የሚመለሰው በብዛት የተኩስና የከባድ ድምፅ ጉዳት ነው። ቀጥላ መድፉ ላይ በየትኛው ወገን እቆም እንደነበር ጠየቀችኝ። ባለ 122 ሚሊ ሜትሩ ዲ-30 ላይ አነጣጣሪ ነበርኩ፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩ በግራ በኩል ስለሆነ ቀኝ ጆሮዬ ወደ መድፉ ነው። የቀኙ ጉድለት 65 ዴሲቤል፣ የግራው 50። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም።

የሞተው የጆሮ ውስጥ ሕዋስ ዳግም እንደማይበቅልም በግልጽ ነገረችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠብታ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ ያዘዙልኝ ሁሉ ይህን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።

ስለ «ብቁ አይደለም» ስጠይቃት ወንበሯን አስጠጋች። መድፍ ላይ «ተኩስ አቁም» የሚለውን ያልሰማ ሰው ጓዶቹን ያስጨርሳል፤ መመዘኛው የጠበቀው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ጦር መስማት፣ ማየት፣ እጅና እግር ለየብቻ ከ1 እስከ 4 ደረጃ እንደሚሰጣቸውም ነገረችኝ። የሚመዘነው አካሉ እንጂ ሰውየው አይደለም ማለት ነው፤ እኔ ግን ያን ቃል እንደ ሰው የተፈረደብኝ አድርጌ ነበር የተሸከምኩት።

ምርመራው 800 ብር ነው። የመስሚያ መሣሪያውን ግማሽ ሰዓት አስሞከሩኝ፤ ግዛ ብለው አልወተወቱኝም። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ እስካሁን አልገዛሁም።

ቅር ያሰኘኝን ልናገር። ተራ የሚጠራው በአፍ ነው! መስማት የተሳነው ሰው በሚመጣበት ቤት፣ ጸሐፊዋ ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ስም ትጠራለች። ሁለት ጊዜ ተራዬ አለፈኝ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ከእኔ ቀድመው መጥተው ከእኔ በኋላ ገቡ። የቁጥር ሰሌዳ ቢሰቅሉ፣ ካልሆነም ተነሥታ ትከሻ ብትነካ ምን ይከብዳል? ሊፍቱም አይሠራም ነበር፤ በክራንች የመጣ አንድ የቀድሞ ወታደር ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ሲወጣ አይቻለሁ። ይህ በአስቸኳይ መስተካከል አለበት።

የምትሄዱ ከሆነ የቦርድ ወረቀታችሁንና የድሮ ውጤት ካላችሁ ኮፒውን ያዙ፤ ባለሙያዋ ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች። ጠዋት ሂዱ። ስትደርሱም የጸሐፊዋ ፊት በሚታይበት፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።