ኮከብ አድራጊው ኤጀንት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ድሬዳዋ ከዚራ የሚገኘው፣ ለደንበኞች የጉምሩክ ሥርዓት የሚያስፈጽመው የትራንዚት ቢሯችን ሰነዶቹን የሚያስቀምጠው ጎግል ድራይቭ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጭነት ኢንቮይሱ (የዋጋ ሰነዱ)፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የዕቃው ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) እና ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው መግለጫ) በየፎልደሩ ይገባሉ፤ ጭነቱ ከጅቡቲ በደወሌ በኩል ገብቶ ከደረቅ ወደቡ እስኪወጣ ድረስ ግን በቀን ደጋግመው የሚከፈቱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። እነዚህን ለመለየት ድራይቩ የሚሰጠው ምልክት ኮከብ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ኮከቡን በእጄ ማድረግ ትቼ፣ ከድራይቩ ጋር የተገናኘ የኤአይ ኤጀንት (ትእዛዝ ተቀብሎ ሥራውን ራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም) በአማርኛ እያዘዝኩ አሠራለሁ።

ኤጀንቱ ትእዛዙን ሲቀበል በመጀመሪያ ፋይሉን ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ የፋይሉን መለያ ይዞ የኮከቡን ምልክት ያበራል ወይም ያጠፋል። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የኤአይ ሞዴሎችን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኘውን፣ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን ክፍት መስፈርት ካስተዋወቀ ወዲህ እንዲህ ያለው ግንኙነት በጣም ቀሏል። ኮከብ ሲደረግ የፋይሉ ይዘትም ሆነ ቦታ ስለማይለወጥ፣ ስሕተት ሲፈጠር ምንጩ ምልክቱ ሳይሆን ፍለጋው ነው። ድራይቭ በአንድ ፎልደር ውስጥ ፍጹም ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች እንዲኖሩ ስለሚፈቅድ፣ «ኢንቮይስ» ተብለው የተጫኑ የመጀመሪያውና የታረመው ሰነድ ጎን ለጎን በተቀመጡበት ጊዜ ኤጀንቱ ሳይጠይቅ አሮጌውን መርጦ ያውቃል። ስለዚህ ምልክት ከማድረጉ በፊት ያገኛቸውን ፋይሎች ከነፎልደራቸውና ከነተሻሻሉበት ቀን ዘርዝሮ እንዲያሳየኝ አስገድደዋለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ያደከመኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «የ2017 ዲክላራሲዮኖችን ኮከብ አድርግ» ስለው በፈረንጆቹ 2017 ፈልጎ ምንም እንዳላገኘ በትሕትና ይነግረኛል። ይህስ ወዲያው ስለሚታወቅ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ አሳሳቹ ወሩ ነው። መስከረምን እንዳለ ሴፕቴምበር አድርጎ ስለሚወስደው፣ የነሐሴን መጨረሻና ጳጉሜን ጨምሮ ያመጣል፣ የመስከረምን የመጨረሻ ቀናት ደግሞ ይተዋል፤ የሚሰጠው ዝርዝር ግን ሙሉ ስለሚመስል ጉድለቱን የሚያየው ጭነቶቹን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። «ዓመትና ወር ስጠቅስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ቀይረህ ሁለቱንም ቀን ጻፍልኝ» የሚል ቋሚ መመሪያ ካስገባሁለት በኋላ ነገሩ በአብዛኛው ተስተካክሏል፤ ንግግሩ ሲረዝም ግን አሁንም መመሪያውን የሚዘነጋበት ጊዜ አለ።

በፊደል ረገድ በተቃራኒው ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአንድ ቡና ላኪ ደንበኛችን ፋይሎች፣ እንደ ጸሐፊው እጅ፣ አንዳንዶቹ «ሐረር»፣ ሌሎቹ «ሀረር» ተብለው ተሰይመዋል፤ ለኮምፒውተር ደግሞ ሐ እና ሀ የተለያየ ኮድ ያላቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። ኤጀንቱ ሁለቱንም አጻጻፍ እየሞከረ ውጤቱን አንድ ላይ ያቀርባል። አንድን ፋይል ብቻ ለማመልከት በእጅ መንካቱ ይፈጥናል፤ ስሞቹ እንዲህ ሲዘበራረቁ ግን ለኤጀንቱ የምከፍለው ገንዘብ አይቆጨኝም።

በእኔ ግምት ዋናው ጥቅሙ ኮከብ ማድረጉ ሳይሆን ማንሣቱ ነው። ማዘዝ ቀላል ስለሆነ ምልክቱ በየቀኑ ይበዛል፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥም ኮከብ የተደረገባቸው ፋይሎች ዝርዝር እንደ ፎልደሩ ራሱ የሚታሰስ ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ኤጀንቱ ኮከብ ያለባቸውን ፋይሎች ፎልደር በፎልደር እንዲያይ አደርጋለሁ፤ የዕቃ መልቀቂያው ተያይዞ ካገኘ የዚያን ጭነት ሰነዶች ኮከብ በሙሉ ያነሣል፣ ካላገኘ ይተዋቸዋል። ጭነቱ ስለ መውጣቱ ሌላ ማወቂያ የለውምና ይህ ሥራ የሚሳካው መልቀቂያው በወቅቱ ስካን ተደርጎ ከገባ ብቻ ነው። ይህን በእጄ ስሠራ ሰልችቶኝ እተወው ነበር።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል። ኮከብ ለማድረግ ብቻ የተለየ ፈቃድ የለም፤ አስቀድሞ የነበሩ ፋይሎችን ምልክት እንዲያደርግ የሚሰጠው ፈቃድ ቢያንስ ስም መቀየርንም ይጨምራል፣ ሰፊው ፈቃድ ደግሞ እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ወደ ድራይቩ መጣያ የተጣለ ፋይል እዚያ 30 ቀን ይቆያል፤ ይህ ቢያረጋጋም፣ እያንዳንዱን ለውጥ ከማድረጉ በፊት እንዲያስፈቅደኝ የሚያደርገውን ማስተካከያ ክፍት አድርጌ ነው የምሠራው። ኮከብ የተደረገበት ፋይል ያለ ኢንተርኔት እንደማይከፈትም መታወቅ አለበት፤ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መልካ ጀብዱ ከመሄድ በፊት የሚያስፈልገውን ሰነድ ስልክ ላይ ከመስመር ውጭ እንዲገኝ ማድረግ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

በቡድን ለሚሠሩ ደግሞ፣ ኮከቡ የሚታየው ምልክቱን ላደረገው አካውንት ብቻ ነው። እኔ ቢሮ ሆኜ ያስደረግሁት ኮከብ ደረቅ ወደብ ላይ ለሚጠብቀው ባልደረባዬ አይታየውም። ለዚህ ሲባል ኤጀንቱ ኮከብ ሲያደርግ የዚያን ፋይል አቋራጭ (ወደ ዋናው ፋይል የሚወስድ ማገናኛ) ሁለታችን በምንጋራው «የዛሬ» በሚል ፎልደር ውስጥ ጨምሮ እንዲያስቀምጥ አዝዘዋለሁ። አቋራጩ የዋናውን ፋይል ፈቃድ ይዞ ስለማይሄድ፣ ባልደረባዬ ሊከፍተው የሚችለው ዋናው ፋይል አስቀድሞ ከተጋራው ብቻ ነው፤ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ፎልደሩን ለባልደረባዬ የማጋራው እኔው ራሴ ነኝ።